የናንግ ፔሪንግ ጥያቄ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ዛሬ የምስጢር ጥበቃውን ወረቀት በድጋሚ ፈረምን። በየዓመቱ እንፈርማለን፤ ዘንድሮ ግን የሕግ ሰው የሆኑት አለቃችን አቶርኒ ሳሎሜ ወረቀቱን አድለውን ዝም አላሉም፤ ቆመው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡልን። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሌላ መሥሪያ ቤት ምስጢር ቢወጣ ባለሥልጣን ያፍራል። እዚህ ቢወጣ ሰው ይሞታል። ልዩነቱ ይኸው ነው» አሉ።

ባልደረባዬ ሬናንቴ በጆሮዬ፣ «እኔ እንኳን የሰው ምስጢር፣ ጥርሴን ሲያመኝም ለሚስቴ አልነግራት» አለኝ። ሳቅሁ። አቶርኒ ዞር ብለው አዩኝ።

የካዝናው ቁልፍ ያለን ሦስት ነን፤ አቶርኒ፣ ሬናንቴ እና እኔ። በምስክሮች ጥበቃ ክፍል በጸሐፊነት ስሠራ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚህ ደብተር ላይ ምስክሮቻችን ያሉበትን ቦታ አልጽፍም፤ የፋይል ቁጥርም አልጽፍም። ኤልመርን ግን በስሙ እጠራዋለሁ። ስሙን ሬዲዮው ሁሉ ሲጠራው ስለከረመ የኔ ደብተር ምንም አይጨምርበትም።

ኤልመር የወደቡ ባለሀብት የዶን ፋኩንዶ ሾፌር ነበር። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ የገደሉትን ሰዎች በመኪና ያደረሳቸው እሱ ነው። ምን ሊያደርጉ እንደሚሄዱ አላወቀም፤ ሲመለሱ ግን አወቀ። በፌብሩዋሪ እኛ ዘንድ መጥቶ ሁሉንም ተናገረ። ሞተር ብስክሌቱ ወደቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ተገኘ፤ ከተማው ሁሉ ባሕር በላው አለ። እኛም ዝም አልን። ኖቬምበር 18 ፍርድ ቤት ቀርቦ እስኪመሰክር ድረስ ኤልመር የሞተ ሰው ነው።

እናቱም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ፔሪንግ ይባላሉ፤ ለአክብሮት ናንግ ፔሪንግ እንላቸዋለን። በግቢያችን በር ላይ የሩዝ ዳቦ ይሸጣሉ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 17

ናንግ ፔሪንግ ድሮ የሚሸጡት ገበያ ውስጥ ነበር። ከኤፕሪል ወዲህ ነው እኛ በር ላይ የተቀመጡት። እዚህ ገዢ እንደማይበዛ አጥተውት አይደለም።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ወጣሁ። እንደ ልማዳቸው ኢንዳይ፣ ልጄ፣ ብለው ጠሩኝ።

«ኢንዳይ ጆቪ፣ ዛሬም አንድ ብቻ? ለዚህ ነው ባል ያጣሽው። ለብቻዋ የምትበላን ሴት ማን ያገባል?»

«አባቴ ስኳር አለባቸው፣ ናንግ። አይበሉም።»

«እሺ፣ አንቺስ ምን አለብሽ?»

ሁለተኛውን በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው በግድ አስያዙኝ።

ስለ ልጃቸው ጠይቀውኝ አያውቁም። አንድም ቀን። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር። ለጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለን፤ «ስለማንም ሰው መረጃ መስጠት አንችልም» እንላለን። ላልተጠየቀ ጥያቄ ግን መልስ አላስተማሩንም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

ከኤልመር ለእናቱ ደብዳቤ መጣ። ምስክሮቹ የሚጽፉት ሁሉ ወደኛ ይመጣል፤ ለምዝገባ አንድ ጊዜ አንብቤ ካዝና ውስጥ አስገባዋለሁ። አይላክም። እሱም እንደማይላክ ያውቃል፤ ግን ይጽፋል።

«ናናይ፣ ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? በዚህ ዝናብ ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ እርጥብ ወለል ላይ አትንበርከኪ፤ እግዜር ቆመሽም ይሰማሻል። እዚህ አንዲት ዶሮ አለች፣ በሄድኩበት ትከተለኛለች፣ ቀኑን ሙሉ ትቆጣኛለች። ባንቺ ስም ጠራኋት፤ እንዳትቀየሚኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መዝገቡ ላይ «አንድ ጊዜ ተነበበ» ብዬ ፈረምኩ።

ከዚያ አቶርኒ ቢሮ ገባሁ። «ለእናቲቱ ብቻ ብንነግራቸውስ?» አልኳቸው።

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ከቤታቸው ባነሳቸው ዶን ፋኩንዶ ልጁ እንዳልሞተ በማግስቱ ያውቃል። ሳላነሳ ብነግራቸው ደግሞ ፊታቸው ይናገራል። ጆቬሊን፣ ያንን ልጅ ዛሬ የሚጠብቀው የኔ ታጣቂ አይደለም። የእናቱ ልቅሶ ነው።»

«እሱስ ይህን ያውቃል?»

«ያውቃል። ሲፈርም አልቅሷል።»

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

አውሎ ነፋስ። ምድር ቤቱን ውሃ ሞላው። ካዝናውን በስምንት ሰው ወደ ላይ። ፋይሎቹን በፕላስቲክ። ሬናንቴ እጁን ቆርቆሮ ቆረጠው፤ እየደማ አልተቀመጠም፤ አንድም ወረቀት አልራሰም። መብራት የለም።

ናንግ ፔሪንግ በዚያ ዝናብ መጥተው ነበር። ባዶ እጃቸውን። በሩ ሥር ቆመው ካዝናው በደረጃው ሲወጣ ያዩ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ከእራት በፊት ከታታይ ጋር በረንዳ ላይ ተቀመጥን። አባቴ ሠላሳ ዓመት የቴሌግራም ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ስለ ሥራዬ አይጠይቁኝም፤ ዛሬ እኔው ነኝ የጀመርኩት።

«ታታይ፣ የሰው መርዶ በእጅዎ ይዘው ያንን ሰው መንገድ ላይ አግኝተውት ያውቃሉ?»

«ስንቴ! አንዱ ጠጅ ሲጋብዘኝ ኪሴ ውስጥ የወንድሙ ሞት ነበር። የማደሉ ሥራ የመልእክተኛው ነው፤ የኔ አልነበረም።»

«እና ጠጡለት?»

«ጠጣሁለት። ያየሁት ጽሑፍ የኔ አይደለማ። በኔ በኩል ማለፉ የኔ አያደርገውም።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንደ አቶርኒ ነበር። ቀናሁባቸው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

የሙታን ቀን እየመጣ ነው። የደብሩ ቄስ ለጸሎት የሟቾችን ስም ዝርዝር እየሰበሰቡ ነው። ናንግ ፔሪንግን፣ «የኤልመርን ስም ልጻፈው?» ብለዋቸዋል። ናንግ እስካሁን አልመለሱም። ይህን ያወሩት ለኔ አይደለም፤ ከጎናቸው ሙዝ ለሚሸጠው ሰው ነው። ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወሩት። እኔ ከበሩ ሳልፍ።

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። የሰውየውን ፋይል እኔ ነኝ የምከፍተውና የምዘጋው። ባለፈው ሳምንት ክብደት ጨምሯል ይላል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ናንግ ፔሪንግ ስለ ሻማ ጠየቁኝ። ያወራነው ስለ ሻማ ብቻ ነው። ምንም አላልኳቸውም። ዳቦው ዛሬ ትንሽ አሯል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

መቃብር ቦታው ከገበያ ይብስ ነበር። ከታታይ ጋር የእናቴን፣ የናናይን፣ መቃብር አጥበን፣ አበባ አድርገን፣ ምሳችንን እዚያው በላን።

ናንግ ፔሪንግ ከኛ ሦስት ረድፍ ወዲያ ነበሩ። ቢጫ ቀሚስ ለብሰዋል። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ጥቁር ነበር የሚለብሱት። ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተው፣ ለጎረቤቶቻቸው ሱማን፣ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ እያደሉ፣ ጮክ ብለው ይስቃሉ። አንዷ ሴት፣ «ምስኪን፣ አእምሮዋን ነካት» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ፣ «የለም፣ የሆነ ነገር ሰምታለች» አለች።

ሲያልፉ እጄን ይዘው ጨበጥ አደረጉኝ። ታታይ አዩን።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደግሞም ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ሁለት ልጆች በሞተር መጥተው የናንግን ዳቦ ሙሉውን ገዙ። ከነትሪው። ናንግ ለኔ በደስታ ሲያወሩልኝ፣

«እንዴት ያሉ ጨዋዎች! ‹ናንግ፣ ሰሞኑን ፊትዎ በርቷል፣ ምን ተገኘ?› አሉኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«ምንም አልነገርኳቸውም እኮ! ‹የእናት ልብ ያውቃል› ብቻ ነው ያልኩት።»

«ናንግ፣ እባክዎ ነገ አይምጡ። ገበያው ይሻልዎታል። ወይ እህትዎ ዘንድ ይሂዱ፣ ደሴቲቱ ላይ።»

«ምነው ኢንዳይ? አሁን ገና ነው ቦታው የተመቸኝ።»

የሞተሩን ሰሌዳ አላዩም። እኔም ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ነበርኩ። ለአቶርኒ ልናገር ተነስቼ ነበር። ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ። ምናልባት እውነትም ዳቦ ፈልገው ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

አውቀዋል። የዶን ፋኩንዶ ሰዎች ኤልመር እንዳልሞተ አውቀዋል። አቶርኒ ከየት እንደሰሙ አልነገሩንም። ኤልመርን ጎህ ሳይቀድ ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውታል፤ አዲሱን ቦታ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። እናቱን ግን፣ አሁን ብናነሳቸው ወሬውን እናጸናላቸዋለን ብለው ለጊዜው ትተዋቸዋል።

ስልኮቻችን ተሰበሰቡ። አንድ በአንድ ተጠራን።

«ለማንም ሰው ተናግረሻል?»

«አልተናገርኩም፣ አቶርኒ።»

ስሙን አልጠራሁም። የትም ቦታ አልጠራሁም።

የሬናንቴ የአክስት ልጅ የዶን ፋኩንዶ ወደብ ላይ ጭነት ይቆጣጠራል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ነገር ሆነ። ቁልፉን ተቀብለው ወደ ቤቱ ሰደዱት። ሲወጣ በሁሉም ፊት፣ «ጆቪ፣ አንቺ ታውቂኝ የለም እንዴ? ንገሪያቸው እንጂ!» አለኝ።

ጫማዬን አየሁ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

የሬናንቴ ሚስት ደወለች። አላነሳሁም። ደግማ ደወለች።

ምንም አላልኩም። ያልኩት አራት ቃል አይሞላም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ቅዳሴ አልሄድኩም። ታታይ ብቻቸውን ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት በሩ ላይ ቆመው፣ «የሚያምሽ ነገር አለ?» አሉኝ። «የለም» አልኳቸው። «እንግዲያው ያጠፋሽው ነገር ነው» ብለው ወጡ።

አሁን ልጻፈው። ጸሐፊ ነኝ፤ የሆነውን እንደሆነ መጻፍ ሥራዬ ነው።

ሐሙስ ኦክቶበር 30 ምሳ ሰዓት ላይ ናንግ ፔሪንግ አምስት ሻማ የትሪው ክዳን ላይ ደርድረው ነበር። «ይሄ ለባሌ። ይሄ ለእናቴ። እነዚህ ሁለቱ ለወንድሞቼ» አሉኝ። አምስተኛውን አንስተው ያዙት።

«ይሄኛውን እጄ እምቢ አለኝ። ቄሱ ስሙን ስጪኝ ይሉኛል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ኢንዳይ፤ እናት በሕይወት ላለ ልጇ የሙታን ሻማ ብታበራ ኃጢአት ነው?»

«ናንግ፣ ስለማንም ሰው መረጃ መስጠት አንችልም» አልኳቸው። አወጣጡ ጥሩ ነበር፤ አቶርኒ ቢሰሙኝ ያመሰግኑኝ ነበር።

«ስለ ሰው መቼ ጠየቅኩሽ? ስለ ሻማ ነው የጠየቅኩሽ።»

ሻማውን ከእጃቸው ወስጄ ዘንቢላቸው ውስጥ መለስኩት። ከዚያ፣ «አራት ይበቃዎታል» አልኳቸው።

ይኸው ነው። ሁለት ቃል። ለአሥር ቀን ለራሴ «ምንም አላልኩም» ስል ከረምኩ፤ በወረቀቱ ላይ «በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በምልክት» የሚለው ለምን እንደተጻፈ አሁን ገባኝ።

ለእሳቸው አዝኜ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሸክሙ ስለሰለቸኝ ነው። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ያንን ፊት ማየት ከበደኝ፤ ከኔ ላይ እንዲወርድልኝ ብዬ ለእሳቸው አሸከምኳቸው። እሳቸው ደግሞ ይህን ሸክም የሚይዙበት ካዝና የላቸውም። ቢጫ ቀሚስ ብቻ ነው ያላቸው።

ሕጉ ጨካኝ ነው? ነው። እናትን በሕይወት ላለ ልጇ ማስለቀስ ጭካኔ ነው። ግን ጭካኔውን የመረጠው ኤልመር ራሱ ነበር፤ እያለቀሰ ፈርሞበታል። እሱ የመረጠውን ነው እኔ በትሪ ክዳን ላይ የሻርኩበት። የኔ ርኅራኄ እሱን አንድም ነገር አልጠየቀውም።

ሬናንቴም አለ። እሱ ቤቱ ተቀምጧል።

ነገ እናገራለሁ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

የናንግ ፔሪንግ ቦታ ባዶ ነበር። ሙዝ ሻጩን ጠየቅኩት፤ ትከሻውን ነቀነቀ። ደረጃውን ሮጥኩ።

አቶርኒ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«መቼ ነው ይህ የሆነው?»

«ኦክቶበር 30።»

«ዛሬ ስንት ነው?»

«አሥር።»

«አሥራ አንድ ቀን።» ስልኩን እያነሱ ነበር። «በነጋታው ብትነግሪኝ ሴትዮዋን በአንድ ሰዓት ውስጥ አነሳቸው ነበር። ጆቬሊን፣ አፍሽን የከፈትሽበትን ቀን ልረዳልሽ እችላለሁ። ከዚያ ወዲያ የዘጋሽባቸውን ቀኖች ግን አልችልም።»

ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ይህን ነገር የጻፍሽበት ቦታ አለ?» አሉኝ። ይህን ደብተር ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ደብተሩን ዛሬ መለሱልኝ፤ የሰኞውንም የጻፍኩት አሁን ነው። የሴፕቴምበር 29ኙ ላይ ሁለት መስመር በጥቁር ቀለም ሰርዘውበታል፤ ከዶሮዋ ቀጥሎ የነበረውን። ለካ እሱም ቦታውን የሚጠቁም ነበር። እኔ ሳላውቀው።

ይህን ገጽ በሌላ እስክሪብቶ ነው የምጽፈው፤ እጄ ግን ያው ነው።

ናንግ ፔሪንግን ሆስፒታል ነው ያገኟቸው። እሑድ ከሰዓት፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ይህንን ስጽፍ፣ እነዚያ ሁለት ጨዋ ልጆች ቤታቸው ሄደዋል። «ልጅሽ የት ነው?» ብለው የቀኝ እጃቸውን ጠምዝዘው አንጓውን ሰበሩት። «አላውቅም» አሉ ናንግ። እውነታቸውን ስለነበረ ሌላ ቃል ሊያወጡባቸው አልቻሉም። ጎረቤት ሲጮህ ሸሹ። እሳቸውን ያተረፋቸው፣ ልጃቸውንም ያተረፈው፣ ያልነገርኳቸው ነገር ነው።

ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታሉ ሲያወጧቸው በሩ ማዶ ቆሜ ነበር። እንድቀርብ አልተፈቀደልኝም። ናንግ መኪና ውስጥ ሲገቡ አዩኝ። ጀሶ የለበሰውን እጃቸውን አንስተው፣ «ኢንዳይ! አራት ብቻ ነው ያበራሁት!» ብለው ጮኹ። ይስቁ ነበር።

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ሬናንቴ ወደ ሥራው ተመልሷል። ደረጃው ላይ ተገናኘን። ይቅርታ ልጠይቀው ስል፣ «ጆቪ፣ እኔ ያንቺን ስም አልሰጠሁም። ሲጠይቁኝ ‹እሷ አታደርገውም› ነው ያልኳቸው» አለኝና አለፈኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ኤልመር መሰከረ። ከሥራ ስለታገድኩ ከታታይ ጋር ቤት ተቀምጠን በሬዲዮ ሰማን። ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ በጽሑፉ ብቻ ነው የማውቀው። ቀጭን ድምፅ አለው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። መኪናውን፣ ሰዓቱን፣ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደተቀመጠ፣ ዶን ፋኩንዶ በሩን በእጁ እንደዘጋላቸው።

የተከሳሹ ጠበቃ፣ «ገና ለገና ለመትረፍ ብለህ የገዛ እናትህን ዘጠኝ ወር አስለቅሰሃል፤ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይታመናል?» አለው።

ኤልመር፣ «እናቴን ያስለቀስኩት እንድትኖር ነው። ያልመሰከርኩ እንደሆነ የጋዜጠኛው እናት ዕድሜ ልኳን ታለቅሳለች» አለ።

ታታይ ሬዲዮውን ዘጉትና፣

«ሠላሳ ዓመት አልተናገርኩም ስልሽ አልዋሸሁሽም» አሉኝ። «ግን ስንቱን ወዳጄን መንገድ ላይ እያየሁ እንዳላየሁ ሆኜ እንዳለፍኩት አልነገርኩሽም። ጠጁን የጠጣሁለት ሰውዬ እስኪሞት አላናገረኝም። ቀላል ነው ብዬሽ ከሆነ፣ አጥፍቻለሁ።»

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ውሳኔው ዛሬ ተሰጠኝ። ከክፍሉ ተሰናብቻለሁ፤ ከእንግዲህ ምስጢራዊ ሰነድ ባለበት በየትኛውም መሥሪያ ቤት መሥራት አልችልም። የወንጀል ክሱ ጉዳይ ገና አልተወሰነም። እስከዚያው በማዘጋጃ ቤት የልደት ምዝገባ መስኮት ላይ ሊያስቀምጡኝ አስበዋል። እዚያ ሁሉም ነገር ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ።

አልተከራከርኩም። እኔ ብሆን አቶርኒ ወንበር ላይ ከዚህ ያነሰ አልፈርድም ነበር።

ዕቃዬን ስሰበስብ አቶርኒ ሳሎሜ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። አንድ ኩባያ፣ አንድ ጃንጥላ፣ የናናይ ፎቶ። ይኸው ነው ያለኝ። ፎቶውን አንስተው አይተው መልሰው ሰጡኝና ኩባያዬን አነሱ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ይገባል» አሉ። «ከእናትየው ላንቺ ደብዳቤ መጥቷል። በግራ እጃቸው ነው የጻፉት።»

እጄን ዘረጋሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን ቢሮ ረስቼ።

አቶርኒ እጄን አዩት እንጂ አልነኩትም። «ካዝና ውስጥ ነው፣ ጆቬሊን።»

እጄን መለስኩ። «ደህና ናቸው?» አልኳቸው። ይህን ብቻ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

አቶርኒ ዝም አሉ። ፊታቸውን አየሁ። ዓይናቸውን፣ አፋቸውን፣ ኩባያዬን የያዙበትን ጣት ሳይቀር አየሁ። አንዲት ምልክት ፈለግኩ፤ ትንሽ፣ የሻማ ያህል እንኳን ያልሆነች።

ምንም አልነበረም። ፊታቸው እንደ ግድግዳ ነበር። ሥራቸውን እየሠሩ ነበር።

«ገባኝ» አልኳቸው። ኩባያዬን ተቀብዬ ወጣሁ።